የጳጉሜን 5 ሩጫና የዘንድሮ ዕቅዳችን

«ቲቸር፣ የዓመቱን የሩጫ ፕሮግራም ይላኩልን» ላላችሁኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይኸው።

የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ምሽት! (ዕቅዴን ሁልጊዜ በዚያች ቀን የምጽፈው ለዚህ ነው።) ያኔ ውድድር በብዛት የወታደርና የአትሌት ነበር። ተራው ሰው በብዛት የወጣው ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ሲጀመር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 10,000 ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ።

እኛ ጋ ግን ኅዳር አጨዳ ነው። አምና ደግሞ ከመናኸሪያ ተመለስን።

ስለዚህ ጥቅምትን ወደ ጉና ዳገት ዳገቱን እንለማመዳለን። ኅዳር፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ አዲስ አበባ። ካልሆነም በጥር ነፋስ መውጫ ላይ የራሳችን 5 ኪሎ ሜትር አለ፤ ቲሸርትም ሽልማትም የለውም። ሴቶች ከፊት ይቆማሉ። ሰዓት የሚይዝልኝ አጥቻለሁ፣ ማን ይመጣል?