ስሕተቱን የማይናገር መሣሪያ፦ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌርን ለኤጀንት ስለ መሰነድ

ለኮምፒውተር ተጠቃሚ የሚጻፍ መመሪያ አጭር መሆን አለበት የሚለው እምነት ዛሬ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ለዚህ እምነት በዋነኛነት የሚጠቀሰው ጆን ካሮል በ1990 እ.ኤ.አ. በኤምአይቲ ፕሬስ ያሳተመው «ዘ ኑርንበርግ ፈነል» ነው። ክርክሬ ከካሮል፣ በተለይም ከተከታዮቹ ጋር ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች የሥራ ሰዓት መመዝገቢያዎችን በሰው ፈንታ ማንቀሳቀስ ጀምረዋል። የአጭርነት መርሕ ለእነርሱ በሚጻፍ ሰነድ ላይ እንዳለ ሲተከል የሚጎዳው በመጨረሻ በሰዓት ተሰልቶ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው።

ካሮል በአይቢኤም ዋትሰን የምርምር ማዕከል ሳለ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ማሽን የሚለማመዱ ሰዎችን በቅርብ አጥንቷል። ሰዎቹ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አያነቡም፤ ቀጥታ ወደ ሥራው ይገባሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ከስሕተታቸውም ይማራሉ። ስለዚህ መመሪያው ይጠር፣ ከእውነተኛ ሥራ ይነሣ፣ ስሕተት የሚታወቅበትንና የሚታረምበትን መንገድም ያሳይ ሲል ደመደመ። ተከታዮቹ አጥብቀው የያዙት ማጠሩን ነው። ይበልጥ የተዘነጋው ደግሞ ካሮል ከመጽሐፉ 6 ዓመት ቀደም ብሎ ከባልደረባው ካሪተርስ ጋር ያወጣው ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ለጀማሪዎች የቀረበው ማሽን አስቸጋሪ ትእዛዞች የተቆለፉበት ነበር፤ ጀማሪው የተቆለፈውን ሲነካ ማሽኑ ያ ትእዛዝ በመለማመጃው ላይ እንደማይሠራ ይነግረዋል። አጭሩ መመሪያ ምን ተማምኖ እንዳጠረ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ያልተናገረውን ማሽኑ ይናገር ነበር። ማሽኑ ዝም በሚልበት ቦታ ግን ማጠር ተጠቃሚውን ያለ መሪ መተው ይሆናል፤ የካሮል ተከታዮች ይህን ልዩነት አላዩትም።

የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ዝም ከሚሉት መሣሪያዎች አንዱ ነው። የተላከለት ቅርጹን እስከጠበቀ ድረስ ሐሰተኛውን ሰዓት እንደ እውነተኛው ተቀብሎ «ተመዝግቧል» ይላል። ቶግል፣ ክሎኪፋይ፣ ሐርቨስትና ታይምዋሪየር የተባሉትን መመዝገቢያዎች እንይ። ቶግል ገና ያልተዘጋን መዝገብ በኤፒአዩ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች በሚያናግሩት በኩል፣ የሚያመለክተው የቆይታውን ቁጥር ከዜሮ በታች በማድረግ ነው፤ ይህ ያልተነገረው ኤጀንት የሳምንቱን ሰዓት ሲያሰላ ያንን ቁጥር አብሮ ይደምረዋል፣ ድምሩም ይጓደላል። ክሎኪፋይ ቆይታን አይኤስኦ 8601 በተባለው ዓለም አቀፍ የጊዜ አጻጻፍ ሲሰጥ ሐርቨስት በአሥርዮሽ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰዓት ተኩል በሐርቨስት 1.5 ነው፤ 1.3 ተብሎ ቢላክ 12 ደቂቃ ጠፍቶ መዝገቡ ይጸድቃል። ከሁሉ የሚያሳስበው ታይምዋሪየር ነው። መዝገቦቹን ከቅርቡ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጠራቸዋል፤ አዲስ መዝገብ ሲከፈት የቀድሞው 1 ወደ 2 ይሸጋገራል። ዝርዝሩን አንብቦ፣ አዲስ ሥራ አስጀምሮ፣ ከዚያ 1 ቁጥርን እንዲሰርዝ የሚያዝ ኤጀንት የሚሰርዘው አሁን ያስጀመረውን ነው፤ ትእዛዙም ያለ ችግር ይፈጸማል። ከእነዚህ በአንዱም የስሕተት መልእክት አይመጣም። ጉድለቱ የሚታወቀው፣ ከታወቀ፣ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። የካሮል ተማሪ በዚያን ጊዜም ቢሆን ይማር ነበር፤ ኤጀንት ግን ማስታወሻ ካልተዘጋጀለት በቀር አዲስ ሥራ ሲጀምር የትናንቱን ስሕተት አያውቀውም።

ሰነድ አያስፈልግም፣ ስኬማው (መሣሪያው የሚቀበለው ግብዓት ቅርጽ ዝርዝር) ይበቃል የሚሉ አሉ። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ መግለጫና የግብዓት ስኬማ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ስኬማ ግን 1.3 ቁጥር መሆኑን እንጂ ትክክለኛ ቆይታ መሆኑን አያረጋግጥም። ሞዴሉ ከሥልጠናው ያውቀዋል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ቶግል ከቅጂ 8 ወደ ቅጂ 9 መሸጋገሩን ይረሳል፤ የድሮ ዕውቀት በአዲስ ኤፒአይ ላይ አደጋ ነው። ረጅም ሰነድ የኤጀንቱን ትኩረት ይበትናል መባሉ እውነት ቢሆንም የምጠይቀው በየመሣሪያው መግለጫ ላይ አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። እርግጥ ያነሣኋቸው መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፣ ሐሳቡም በሙከራ መፈተን አለበት፤ አቅጣጫውን የሚያስቀይር ማስረጃ ግን አይታየኝም።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪ ይብሳል። የአዲስ አበባ ሠራተኛ «ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሠርቻለሁ» ሲል ረፋዱን ማለቱ ነው። ኤጀንቱ ከ03:00 እስከ 06:00 ብሎ ቢልክ ቆይታው ያው 3 ሰዓት ይሆናል፤ ድምሩ ስለማይዛባ ማንም አይጠረጥርም፣ የተመዘገበው ግን ሌሊት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሌሊትን ትርፍ ሰዓት ከቀኑ በተለየ ስሌት ስለሚያስከፍል ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች የሚሰንዱ የአገራችን ባለሙያዎች ሰዓቱ ከንጋት ወይስ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጠር፣ በየትኛው የሰዓት ቀጣና እንደሚጻፍ፣ ያልተዘጋ መዝገብ በምን እንደሚለይ በመግለጫው መጀመሪያ ላይ ይጻፉ፤ ኤጀንቱም የመዘገበውን መልሶ አንብቦ «ጠዋት ነው ወይስ ሌሊት?» ብሎ ባለቤቱን እንዲጠይቅ ይዘዙት።