የጋሪ ፈረስ ሲታመም፦ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ?

በመቀሌ ከተማና በዙሪያዋ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ለባለቤቱ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። ፈረሱ ለአንድ ሳምንት ሥራ ቢያቆም የቤቱ ገቢም አብሮ ይቆማል። ባለቤቱ በችኮላ ከቅርብ ሱቅ ለከብት የተዘጋጀ መርፌ ገዝቶ ለመውጋት የሚገፋፋውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሚያድነው በሽታው ከታወቀ፣ በጊዜው ከተሰጠና መጠኑ ለፈረሱ ክብደት ከተመጠነ ብቻ ነው።

በፈንገስ የሚመጣ የቆዳ እባጭ

በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ከሚጎዱ በሽታዎች አንዱ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው ነው። መንስኤው ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ሲሆን፣ ምልክቱ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ የሚወጣ፣ ቆይቶም እየፈነዳ መግል የሚያወጣ እባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ 18.8 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው መያዛቸውን አሳይቷል። በሽታው ይበልጥ የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ሲሆን፣ መቀሌም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ትገኛለች።

በሽታው የፈንገስ በመሆኑ እንደ ፔኒሲሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን ያሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አይፈውሱትም። በአገሪቱ በተግባር የሚሠራበት ሕክምና በአዮዲን ላይ የተመሠረተ ነው። እባጩ ጥቂት ሳለ በባለሙያ ተከፍቶ ይጸዳና የአዮዲን ቅባት ይደረግበታል፤ ከዚህ ጋር አዮዳይድ የተባለው ውህድ በአፍ ወይም በደም ሥር ይሰጣል። ሕክምናው ሳምንታት ስለሚወስድ ቁስሉ ደርቆ ስለታየ ብቻ ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይን ያስለቅሳል፣ ቆዳንም ያረግፋል፤ እርጉዝ ባዝራን ሊያስወርድ ስለሚችልም ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ውጤታማ ቢሆንም ዋጋው ከባለጋሪ አቅም በላይ ነው፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

በሽታው ሥር ከሰደደ፣ እባጩም መላ አካልን ካዳረሰ በኋላ የመዳን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እባጭ በታየች ዕለት ወደ ክሊኒክ መሄድ ከማንኛውም ውድ መድኃኒት ይበልጣል።

እንዶድስ?

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት እንዶድ፣ በትግርኛ ሽብቲ፣ ለዚህ የፈረስ በሽታም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሥራ ከፍሬው የተዘጋጀው ጭማቂ የፈንገሱን ዕድገት እንደሚገታ አሳይቷል። ይሁንና በጥናቱ የዋለው በቤተ ሙከራ ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። እቤት የተወቀጠ እንዶድ መጠኑ የማይታወቅ፣ ቢዋጥም መርዝ በመሆኑ የሐኪምን ሕክምና አይተካም።

መድኃኒት የሌለው በሽታ

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በቫይረስ የሚመጣና በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ነው። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ የሚታይ እብጠት፣ የትንፋሽ መቆራረጥና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ምልክቶቹ ናቸው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ዝንቦቹ የሚበዙት ዝናብን ተከትሎ በመሆኑ ፈረሱን ከክረምቱ በፊት ማስከተብ ይመከራል።

ቁስልና መንጋጋ ቆልፍ

የጋሪ ማሰሪያና ኮርቻ የሚልጠው ቁስል በንጹሕ ውኃና ጨው ታጥቦ፣ ፈረሱም አርፎ ብዙውን ጊዜ ያለ መርፌ ይድናል። ቁስሉ መግል ይዞ ትኩሳት ከተከተለ ሐኪም ፔኒሲሊን ሊያዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት ከፕሮኬይን ጋር የተዘጋጀ ከሆነ የሚወጋው በጡንቻ ብቻ ነው፤ በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ፈረሱን በቅጽበት ሊጥለውና ሊገድለው ይችላል። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ከሚጠቁ እንስሳት አንዱ በመሆኑ ሰኮናውን ሚስማር ከወጋው ቀን ሳያሳልፉ ማሳከም ያስፈልጋል።

ለከብት የሚበጅ ፈረስን ሊገድል ይችላል

ለከብት በስፋት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን በፈረስ ላይ ለሞት የሚያበቃ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ለገንዲ በሽታ የሚውለው ዲሚናዚን ከብትን ሲፈውስ፣ በፈረስ ላይ ግን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ግመል የሚያጠቃው ሱራ የተባለው የደም ተውሳክ ወደ ፈረስም የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ፈረስ ያለ ምክንያት ከከሳና እግሩ ካበጠ ከመወጋቱ በፊት ደሙ መመርመር አለበት። ሞኔንሲን የተቀላቀለበት የዶሮ ወይም የከብት መኖ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን የፈረስን ልብ ያቆማል።

ክብደትን በሜትር መገመት

ሚዛን በሌለበት የፈረስን ክብደት በልብስ ሰፊ ሜትር መገመት ይቻላል። የደረቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ ጫፍ ባለው ርዝመት ተባዝቶ ለ11,880 ይካፈላል። ለምሳሌ የደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 265 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የትል መድኃኒትን ጨምሮ መጠን የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ማሳነስ ትሉን መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

ለባለቤቶች

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በትግራይ የእንስሳት ጤና ተቋማትን ክፉኛ ጎድቷል። አገልግሎት ሲርቅ ሕገ ወጥ ሻጭ ይቀርባል። በመሆኑም መድኃኒት ከመግዛት በፊት የሻጩን ፈቃድ፣ የማብቂያ ቀኑንና ማሸጊያው አለመከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል። አንድን መርፌ ለሁለት ፈረስ መጠቀምም ሆነ የታመመውን ፈረስ ልጓምና ኮርቻ ለሌላው ማዋስ በሽታን ያሻግራል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መኖሩ ለከተማዋ ነዋሪ ዕድል ነው። ተስፋ የተቆረጠበትን ፈረስ ጎዳና ላይ መልቀቅ ግን ለእንስሳው ሥቃይ፣ ለጎረቤት ፈረስም የበሽታ ምንጭ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፈረስ የመጨረሻ ውሳኔ ለሚሰጥ ሐኪም ማሳየት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።