የመትከያ ምርጫ

«ሳይት ሴሌክሽን» የሚባለው አንድ ድርጅት ሥራ የሚጀምርበትን ወይም የሚያስፋፋበትን አገር፣ ከተማና ሰፈር አወዳድሮ የሚወስንበት ሒደት ነው። በአማርኛ «የመትከያ ምርጫ» ቢባል ይስማማዋል። «የቦታ ምርጫ» ቀላል ቢመስልም ሁለቱ ቃላት ቦታ ከተለዋወጡ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ይሆናሉ። «ሎኬሽን» ደግሞ ሪያድም ሆነ አዲስ አበባ በስልክ የሚላከውን አድራሻ መጥሪያ ሆኗል። ፋብሪካ ግን በአማርኛ ይተከላል፤ የተተከለ ነገር በዋዛ ስለማይነቀል ቃሉ የውሳኔውን ክብደትም ይይዛል።

ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬበር በ1909 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ኢንዱስትሪ የት እንደሚቆም በሦስት ነገሮች አስልቶ ነበር፦ በማጓጓዣ ወጪ፣ በጉልበት ዋጋና ድርጅቶች አንድ ላይ ሲሰባሰቡ በሚያገኙት ጥቅም። ዛሬ የዓለም ባንክ የድርጅት ኃላፊዎችን ስለ ሥራ እንቅፋቶች ሲጠይቅ በቂ ትምህርት የሌለው ሠራተኛና ወንጀል ራሳቸውን ችለው ከመጠይቁ ውስጥ ይገኛሉ።

የሠራተኛው ጉዳይ በሰፈር ደረጃ ሲታይ ሹመይሲ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመሐል ሪያድ ያለው ይህ ነባር ሰፈር በ1956 የተቋቋመው ሆስፒታል መገኛ ነው፤ የዛሬ መጠሪያው የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ቢሆንም በሰፈሩ ስም የሚጠራው ብዙ ነው። ከእንዲህ ያለ ሆስፒታል አጠገብ የሚከፈት መድኃኒት ቤት ወይም ላቦራቶሪ የሚጠጋው በሽተኛውን ብቻ አይደለም፤ ፋርማሲስቱንና ነርሷንም ጭምር ነው። ሌላው አልፍሬድ፣ እንግሊዛዊው ማርሻል፣ በ1890 ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ ባለሙያ ባለበት አሠሪ ይሰበሰባል፣ አሠሪ ባለበትም ባለሙያ።

ሪያድ ግን አንድ የተለየ ነገር አላት። አብዛኛው የግል ዘርፍ ሠራተኛ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ አሠሪው የከተማዋን ትምህርት ቤቶች ብዙም ሳይመለከት የሚፈልገውን ሙያ በቪዛ ማስመጣት ይችል ነበር። በ2011 የወጣው የኒጣቃት ሥርዓት ድርጅቶች የሳዑዲ ዜጎችን በተወሰነ ድርሻ እንዲቀጥሩ ሲያስገድድ የአገሬው ምሩቅ ምን ይችላል የሚለው ጥያቄ የመትከያ ምርጫው አካል ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቀጣናዊ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በሳዑዲ ያላደረጉ የውጭ ኩባንያዎች ከመንግሥት ጋር እንዳይዋዋሉ ተገደቡ። መንግሥት በትእዛዝ ቦታውን ሲመርጥላቸውም የትምህርት ጉዳይ አይቀርም፤ ሥራ አስኪያጁ ልጆቹን የት እንደሚያስተምር መጠየቁ አይቀርምና።

«የተማረ የሰው ኃይል» ሲባል ኢትዮጵያ ውስጥ ቶሎ የሚታሰበው ዲግሪ ነው። ባለሀብቱ የሚፈልገው ግን እንደ ሥራው ይለያያል። ኢንቴል በ1996 ኮስታሪካን ሲመርጥ ቴክኒሻንና መሐንዲስ ይፈልግ ነበር፤ የአገሪቱ መንግሥትም የቴክኒክ ሥልጠናውን ለማጠናከር ተስማማ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሳባቸው የልብስ ፋብሪካዎች የፈለጉት ደግሞ በአጭር ጊዜ ስፌት የምትለምድ ወጣት ነበር። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር ጽፏል። ሥልጠናው ከሠልጣኟ ጋር በበሩ እየወጣ ሄደ ማለት ነው።

ወንጀል ከትምህርት ጋር የሚገናኘውም እዚሁ በር ላይ ነው። ሠራተኞቹ ለመልቀቃቸው የደመወዙ ማነስ ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ ከፈረቃ በኋላ በጨለማ ወደ ኪራይ ቤት መመለስ ከሐዋሳ ሠራተኞች ስጋቶች አንዱ ነበር። በሒሳብ መዝገብ ላይ ወንጀል የዘበኛ ደመወዝ፣ የአጥር፣ የካሜራና የመድን ወጪ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የሚከብደው የማይመዘገበው ነው፦ በጊዜ የሚዘጋ ሱቅ፣ ማታ መሥራት ያቆመ ማሽን፣ ሥልጠናዋን ጨርሳ የቀረች ሠራተኛ። የወንጀል ዓይነትም ይለያል፤ መጋዘን የሚያከራይ ሰው ስርቆትን ሲፈራ፣ ምግብ ቤት የሚከፍት ደንበኛው በምሽት መንገድ ላይ እንዳይዘረፍ ይሰጋል። ሰፈር ስሙ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ወንጀሉ ቢቀንስም ባለሀብቱ ቶሎ አይመለስም፤ ሥራ አጥነቱ ሲቆይ ወሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ።

በአማርኛ «ፀጥታ» የሚለው ቃል ወንጀልን፣ ሁከትንና ጦርነትን አንድ ላይ ይጠቀልላል። በመትከያ ምርጫ ግን መነጠል አለባቸው። ግንቦት 12 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. የውጭ ዜጎች በሚኖሩባቸው የሪያድ መኖሪያ ግቢዎች ላይ የደረሰው የቦምብ ጥቃት ሽብር ነው። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2021 ከሐዋሳ መውጣቱን ያስታወቀው በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት፣ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ሊቋረጥ ሲል ነው። ሁለቱም ተራ ስርቆትን በሚለካ ሰንጠረዥ አይገቡም፤ መድን ሰጪዎችም የጦርነትን ጉዳት ከተለመደው የንብረት ውል ውጭ ያደርጉታል።