ከ11,800 ዜሮ፦ ኢትዮጵያ ተወልደው እስራኤል የገቡ ኦቲስቲክ ልጆች የት ደረሱ?

ኦቲዝም በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ብዙ ተጽፏል። ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ካነር የ1943 ጽሑፍ እስከ ተመራማሪው ሎተር የ1966 የእንግሊዝ ሚድልሴክስ ጥናት ያለውን እዚህ መተረክ አያሻም (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእኔ ሙግት ከአንድ ቁጥር ጋር ነው፤ ቁጥሩም ዜሮ ነው።

በ2004 ተመራማሪው ካመርና ባልደረቦቻቸው በእስራኤል ተወላጆችና በስደተኞች ልጆች ዘንድ የተመዘገበውን የኦቲዝምና መሰል የዕድገት እክሎች መጠን አነጻጽረው አሳተሙ። ከቤተ እስራኤል (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) ወላጆች እዚያው እስራኤል ከተወለዱት 15,600 ልጆች 13ቱ ተመዝግበው ተገኙ፤ ከሌላው ሕዝብ ብዙም አይለይም። ኢትዮጵያ ከተወለዱት 11,800 ልጆች ግን አንድም አልተገኘም። ቁጥሩ ብቻውን ሲጠቀስ ኢትዮጵያ መወለድ ከኦቲዝም የሚያድን ያስመስላል።

እስቲ እናስላው። እስራኤል በተወለዱት ልክ ቢሆን ኖሮ ወደ አሥር የሚጠጉ ልጆች ይጠበቁ ነበር። አሥር ተጠብቆ አንድም ሲታጣ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንግዲህ ወይ ልጆቹ የሉም፣ ወይ መዝገባቸው የለም። ጥናቱ ደግሞ የመዝገብ ፍተሻ ነው፤ ርዕሱ ራሱ ይናገራል። መዝገብ የሚቆጥረው ምርመራ ክፍል ድረስ የዘለቀውን ልጅ ብቻ ነው።

እዚያ የዘለቀች አንዲት እናት እናስብ። አስተርጓሚው «ልጅዎ አፉን የፈታው መቼ ነው?» ይላታል። «ለሰግድ ሰሞን» ትላለች። ሰግድ የቤተ እስራኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ የየትኛው ዓመት? ከስደተኞቹ የብዙዎቹ የልደት ቀን እስራኤል ሲገቡ በግምት የተሞላ ነው፤ ዕድሜው በግምት የተጻፈ ልጅ ዘገየ አልዘገየ በምን ይለካል? ቀጥሎ «ዓይን ዓይንዎን ያያል?» ይመጣል። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፦ ቁጥብ ልጅ በአማርኛ «ዓይን አፋር» ነው፤ ትልቅ ሰው ላይ የማያፈጥ ልጅ ጨዋ ይባላል። ሐኪሙ ምልክት ብሎ የሚፈልገውን እናቲቱ አስተዳደጌ ያማረ ነው ብላ ትመልሳለች።

እስራኤል የተወለዱትንስ የዚሁ ማኅበረሰብ እናቶች አይደሉም ወይ ያሳደጓቸው የሚል ይኖራል። ናቸው፤ ዋናው ማስረጃዬም ይኸው ነው። ማኅበረሰብና ባህል አንድ ሆኖ የተለየው መንገዱ ነው። እስራኤል የተወለደ ሕፃን ከአራስነቱ ጀምሮ «ጢፓት ሐላቭ» በሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ ነርስ ዓይን ሥር ያድጋል፤ ሲዘገይ የምታየው እናቱ ብቻ አይደለችም። በሰባት ዓመቱ የመጣው ያ በር አምልጦታል። ዝም ሲል ዕብራይስጥ ገና አልገባውም ይባላል፤ ማንስ ይጠራጠራል?

ኦቲስቲኮቹ ልጆች ወደ እስራኤል ሲጓዙ በሱዳን መንገድ አልቀው ይሆናል የሚለው ግምት ብዙ አያስኬድም። የመንገዱ እልቂት እውነት ነው፤ ሞት ግን ኦቲስቲኩን ለቅሞ አንድም ሳያስቀር አይወስድም። በ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ የሄደው በአውሮፕላን ነው። የዘር ነገር ነው ለሚል፣ 13ቱ በቂ መልስ ናቸው። አዲስ አበባም ብትሆን፣ የኦቲስቲክ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ልጅ አልጠፋም።

እርግጥ ከባዶ መዝገብ የሚነሣ ክርክር፣ የእኔም ቢሆን፣ ልኩን ማወቅ አለበት። ይሁንና እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። በልጅነታቸው የአካል ጉዳት አበልም ሆነ ልዩ ትምህርት የሚገኘው በምርመራ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ የሌላ እክል ስም ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ፍለጋው በአእምሮ ሕክምናና በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስም የተከፈቱ የቆዩ ፋይሎችን ከማገላበጥ ይጀምር፤ ያረጁት እናቶችም በአማርኛና በትግርኛ ይጠየቁ፤ «ዓይን ዓይንዎን ያይ ነበር?» ተብለው ሳይሆን «ከልጆችዎ አፉን ሳይፈታ የቆየው የትኛው ነው?» ተብለው።