ፍራንዝ ፋኖን በብሊዳ፦ ሐኪሙ የበሽተኛውን አገር ሲማር

ፍራንዝ ፋኖንን አብዛኞቻችን የምናውቀው በፖለቲካ ጽሑፎቹ ነው። ሙያው ግን የአእምሮ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ሕይወቱ ያለፈችውም እኛ በየቀኑ ታክሲ በምንነዳበት አካባቢ፣ ሜሪላንድ ቤተስዳ ውስጥ ነው።

ይህ የማርቲኒክ ተወላጅ በ1953፣ በ28 ዓመቱ፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አልጄሪያ የብሊዳ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በዚያ ዘመን በአልጀርስ የፕሮፌሰር አንቷን ፖሮ ተከታዮች የሰሜን አፍሪካ ሙስሊም በተፈጥሮው ማሰላሰል የማይችል፣ ለጠብ የቸኮለ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ጠጅ ቤት የሚወራ ሐሜት ሳይሆን በሕክምና ጽሑፍ የታተመ «ሳይንስ» ነበር።

ፋኖን ይህን አልተቀበለም። በእርሱ ኃላፊነት ሥር ለነበሩት 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች አንድ ዓይነት ሕክምና አዘጋጀ፤ ስብሰባ፣ የኅብረት ዝማሬ፣ ቲያትር፣ ጋዜጣ፣ የእጅ ሥራ። ሴቶቹ ብዙም ሳይቆይ ለውጥ አሳዩ። ወንዶቹ ግን ዝም አሉ።

ምክንያቱ ከወንዶቹ ጭንቅላት ውስጥ አልነበረም። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ጋዜጣው ለእነርሱ ወረቀት ብቻ ነው። በሰው ፊት መዝፈንም የባለሙያ ሥራ እንጂ የተከበረ አባወራ የሚሠራው አልነበረም፤ አዝማሪን የምናውቅ እኛ ይህ ይገባናል። ሰሌን ጎንጉኑ ሲባሉ እየጣሉ ይሄዳሉ፤ ዶማ ሲሰጣቸው ግን መሬቱን ይቆፍራሉ። ከሁሉ የባሰው የአስተርጓሚው ነገር ነበር። ፋኖን ዐረብኛ አያውቅም። በሽተኞቹ ደግሞ አስተርጓሚ የሚያውቁት ከዳኛና ከፖሊስ አጠገብ ቆሞ ነው። ታዲያ በእርሱ በኩል ማን የልቡን ያወጣል?

ፋኖንና ረዳቱ ዣክ አዙሌ በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ ጉድለቱ የሐኪሞቹ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ከዚያም ሰዎቹ እንደ አገራቸው ልማድ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ የሚጫወቱበት ቤት ተከፈተ፤ የሃይማኖት በዓላት ይከበሩ ጀመር፤ ተረት አዋቂም እየመጣ ያወራላቸው ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ልጃችንን አስተርጓሚ አድርገን ሐኪም ፊት የተቀመጥን? እናት በልጇ አንደበት የጭንቀቷን ሁሉ ትናገራለች ማለት ዘበት ነው። «ሆዴ ባባ» ያለችውን ልጅ ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ የሆድ ምርመራ ሊታዘዝላት ይችላል። «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ብላ ብትመልስ ደግሞ ጤነኛ ናት ተብሎ ይጻፋል።

በ1956 ፋኖን ከሻርል ጄሮኒሚ ጋር ሆኖ ሌላ ነገር አጠና። ሥዕል እያሳዩ «ታሪክ አድርገው ይንገሩን» የሚባልበት፣ አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ፈተና ነበር። ሙስሊም ሴቶቹ በሥዕሉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ከመቁጠር በቀር ታሪክ አልወጣቸውም። የፖሮ ተከታዮች ቢያዩ ኖሮ ሐሳብ የመፍጠር ችሎታ የላቸውም ብለው መዝገቡን በዘጉት ነበር። ፋኖን ግን ሥዕሎቹን ተመለከተ፤ ቤቱ፣ ልብሱ፣ የሰዎቹ አቀማመጥ ሁሉ የፈረንጅ ነው። ከካርዶቹ መካከል ምንም ያልተሣለበት አንድ ነጭ ካርድ ነበር። እርሱን ሲሰጧቸው እነዚያው ሴቶች ታሪክ ማውራት ጀመሩ።