አዛኝቱ ማርያምና ሰንበት በሰሜን ተራሮች፦ ስለ ምሕረት እምነት አጭር የታሪክ ጥናት

፩. መግቢያ

በየዳ ከሰሜን ተራሮች ወገን የሆነ፣ ወደ ራስ ደጀን የተጠጋ፣ ብርዱ የጸናበትና ገደሉ የበዛበት ደጋ አገር ነው። የአገሩ ከፍታ ከ4500 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከራስ ደጀን ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጥልቅ ሸለቆዎች ይወርዳል። ገበሬው በተዳፋት መሬት ላይ ገብስ እየዘራ ይኖራል። ዝናብ የቀረ፣ ውርጭ የወረደ ወይም በሬ የሞተበት እንደሆነ ከችግር የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ አገር ሕዝብ ስለ ምሕረት ምን ብሎ አሰበ? ምሕረትንስ በማን ስም ለመነ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው።

በብዙ አገሮች ሕዝቡ የርኅራኄን ኃይል በሴት መልክ አስቦታል። ለምሳሌ በቻይና ኳንዪን የምትባለው የዓለምን ጩኸት ሰሚ ተብላ ትለመናለች። እርስዋም ከሕንድ በመጣው በቡድሃ ሃይማኖት መጀመሪያ በወንድ መልክ ትታሰብ የነበረች ስትሆን፣ በቻይና ምድር ከጊዜ በኋላ የሴት መልክ ይዛለች። በእኛ አገር ግን ነገሩን «የአማልክት አምልኮ» ብሎ መጥራት ስሕተት ይሆናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ ብላ ታከብራታለች እንጂ አምላክ አትላትም። ይህም ስም እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የጸና ነው። ለአምላክ የሚገባው የአምልኮ ስግደትና ለእርስዋ የሚቀርበው የጸጋ ስግደትም እየተለዩ ይሰጣሉ። ስለዚህ የምንመረምረው ሕዝቡ «አዛኝቱ» ብሎ ስለ ጠራት አማላጅ ነው። ከእርስዋም ጋር በዚያው በሰሜን አገር ቤተ እስራኤል ሰንበትን እንዴት እንዳሰቡዋት እናያለን።

፪. ተአምረ ማርያም ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ?

እመቤታችንን ማክበር በኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን ዛሬ በየደብሩ የሚነበበው ተአምረ ማርያም የራሱ የጉዞ ታሪክ አለው። ከተአምራቱ ብዙዎቹ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም በፈረንሳይ ተሰበሰቡ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ሜዲትራንያን አገሮች ተሻግረው ወደ ዐረብኛ ተመለሱ። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጐሙት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በነገሡት በአፄ ዳዊት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሊቃውንት በአገራቸው ተደረጉ የተባሉትን ተአምራት ስለ ጨመሩበት መጽሐፉ በጣም ሰፋ፤ የኢትዮጵያም መጽሐፍ ሆነ።

ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ደግሞ መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ፤ 33 የእመቤታችን በዓላትም እንዲከበሩ ደነገጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በኚሁ ንጉሥ ትእዛዝ ጽኑ ቅጣት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ የምሕረት እናት በዓል የተስፋፋው በሕዝብ ፍቅር ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ኃይልም ጭምር ነው። ታሪክ ጸሐፊ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው አይገባውም።

ሆኖም ትእዛዝ አንድን በዓል በአዋጅ ሊያስከብር ይችላል፤ በምጥ ላይ ያለችን ሴት «ማርያም፣ ማርያም» ሊያሰኛት ግን አይችልም። ይህን ያደረገው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

፫. በረኃብ አገር የሚነበብ የረኃብ ታሪክ

ከተአምራቱ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ በጣም የታወቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ይኸውም የቅምር ሰው 78 ነፍሳትን በላ፤ ቤተ ሰቡን እንኳ አላስቀረም። ከዕለታት አንድ ቀን ቁስለኛ የሆነ ለማኝ ውሃ ጠየቀው። በሌሎች ስም ሲለምነው እምቢ ያለው ሰው በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ እመቤታችንም ያችን ጥርኝ ውሃ በጥላዋ ስለ ጋረደችለት ሚዛኑ ወደ ምሕረት አጋደለ ይላል።

ይህ ታሪክ ለከተማ አንባቢ ፍርድን የሚያቀል መስሎ ሊታይ ይችላል። በደጋ አገር፣ እህል ባለቀበት ወራት ለሚሰማው ሰው ግን ትርጉሙ የተለየ ነው። በመጀመሪያ፣ ረኃብ ሰውን ከሰውነት ሊያወጣ እንደሚችል ሳይሸፍን ይናገራል። ሁለተኛ፣ የሚያድነውን ነገር ከድኃ አቅም በታች ያደርገዋል፤ ጥርኝ ውሃ የሌለው ሰው የለምና። ሦስተኛ፣ ምሕረት የሚገኘው ለቁስለኛ በመስጠት እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ለማኝ በየደጁ «ስለ ማርያም» ብሎ ሲቆም የሚያሰማው ቃል ልመና ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ለከፈተው ሰው ያንን ሚዛን ማሳሰቡም ጭምር ነው።

የሕዝቡም ቋንቋ ይህን ይመሰክራል። የወለደችን ሴት የሚጠይቅ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ከዝናብ በኋላ በሰማይ የሚታየው ቀስተ ደመና የማርያም መቀነት ነው። መውጫ ለጠበበበት ሰው የሚተውለት ማለፊያም የማርያም መንገድ ይባላል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ገደል በበዛበት አገር ያለው ክብደት ቀላል አይደለም፤ የተሸነፈን ሰው እንኳ መውጫ መንገድ ሳይተዉ ማጥፋት ነውር መሆኑን ያስተምራልና። በየወሩ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ደግሞ እመቤታችን ስትዘከር ማኅበርተኞች በተራ ደግሰው ይበላሉ፤ ከድግሱም ለነዳያን ይሰጣል። እንግዲህ እምነቱ በወር በወር የሚታደስ የመረዳጃ ሥርዓት አለው ማለት ነው።

፬. ሰንበት በቤተ እስራኤል ዘንድ

የሰሜን ተራሮች የክርስቲያን ብቻ አገር አልነበሩም። ቤተ እስራኤል በዚያ ለብዙ ዘመን የራሳቸው መሪዎች ነበሩዋቸው። በአፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) እና በአፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ዘመን በተደረጉት ጦርነቶች ግን ኃይላቸው ተሰበረ።

ከመጻሕፍታቸው አንዱ ትእዛዘ ሰንበት ይባላል። ጽሑፉ በግዕዝ ሲሆን ጆሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1902 አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት የሳምንት ቀን ብቻ አይደለችም። በሰማይ የምትከበር፣ መላእክት የሚያጅቡዋት፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለኃጥኣን የምትማልድ ንግሥት ሆና ትታያለች። በእርስዋም ምልጃ ነፍሳት ከሥቃይ ያርፋሉ።

የሁለቱ ሃይማኖቶች ሰዎች በጉርብትና ይኑሩ እንጂ በሃይማኖት ተለያይተው፣ ብዙ ጊዜም ተጣልተው ኖረዋል። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ቋንቋ፣ በግዕዝ፣ ምሕረትን በሴት አማላጅ መልክ ጽፈዋል። ይህ እንዴት ሆነ? አንዱ ምክንያት የመጻሕፍትና የመነኮሳት መወራረስ ነው። በቤተ እስራኤል ትውፊት ምንኵስናቸውን የመሠረተው አባ ጸብራ ከክርስቲያን ወገን የመጣ መነኩሴ ሲሆን፣ ተከታዩ ጸጋ አምላክም የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት በቤተ ክርስቲያን እንዲከበሩ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ለሁለቱም ወገን ስለ ማርያምና ስለ ሰንበት አብዝቶ የታሰበበት ዘመን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከመጽሐፍ ውጭ ይመስለናል። ድካሙ አንድ ዓይነት ነበር። ያው ተዳፋት፣ ያው ውርጭ፣ ያው ጦርነት ሁለቱንም ሕዝብ አስጨንቆአል። የሰንበት ዕረፍት ለደከመ ሰውነት፣ የኪዳነ ምሕረት ተስፋ ለፈራ ነፍስ ቅርብ መጽናኛዎች ነበሩ።

፭. ደረስጌ፦ ዙፋንና ምሕረት

የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በዛሬው ጃናሞራ ወረዳ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። ድል አድራጊው ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ። በአዛኝቱ ስም የታነጸው ቤት ለሠሪው መማጸኛ ሊሆን አልቻለም፤ ለባላጋራው የዘውድ አዳራሽ ሆነ። ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ያየነው ነገር እዚህም ይታያል፤ ኃያላን የምሕረትን ስም ለዙፋናቸው ግርማ ይሹታል፣ ድኆች ደግሞ በዚያው ስም እንጀራና መውጫ መንገድ ይለምናሉ።

፮. ማጠቃለያ

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው እምነት ሕዝብን በመከራው እንዲተኛ ያደርገዋል ይላሉ። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው እርሻው ጾም አደረ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። በ2016 ዓ.ም. እንኳ በየዳ፣ ጃናሞራና ጠለምት በድርቅ ተጐድተዋል። ጸሎት ጐተራን አይተካም፤ መንገድና የውሃ ሥራም በስእለት አይሠሩም።

ነገር ግን ታሪኩን ከመረመርን በኋላ የኛ አስተያየት ወደ ሌላው ያደላል። አዛኝቱን የሚለምን ሰው ከጎረቤቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ጥርኝ ውሃው፣ የማኅበሩ እንጀራ፣ ለተሸነፈ የሚተወው የማርያም መንገድ ሁሉም ከሰው ወደ ሰው የሚያልፉ ናቸው። የእምነቱ ጉድለት የሚታየው ስሙ ብቻ ተጠርቶ እነዚህ ሥራዎች በቀሩ ጊዜ ነው፤ በእስጢፋኖሳውያን ላይ የሆነውና በሁለቱ ጎረቤት ሕዝቦች መካከል የፈሰሰው ደም ይህን ያሳያል። ምሕረትን በሴት መልክ የጻፉ ሁለት ወገኖች አንዱ የሌላውን ምሕረት ሳያውቅ ኖሮአል። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ስለ ሄደ፣ በሰሜን ተራሮች ሰንበትን በዚያ ቋንቋ የሚጠራት ድምፅ ከሞላ ጐደል ጸጥ ብሎአል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች በየአገራቸው ያለውን የማኅበር ሥርዓት፣ የምጥና የአራስ ቤት አነጋገር፣ የለማኝንም ቃል እንደ ተራ ነገር ሳያልፉ ቢመዘግቡ መልካም ነው እንላለን። የነገሥታት ትእዛዝ በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል፤ ሕዝቡ በጭንቅ ጊዜ ማንን እንደ ጠራና ለጎረቤቱ ምን እንደ ሰጠ ግን የሚገኘው በነዚህ ቃሎች ውስጥ ነው።