ዜና ቤድፎርድሽር መርከብ

በ1927 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሐምሌ 10 ቀን፣ በእንግሊዝ አገር በቲስ ወንዝ ዳር ቤድፎርድሽር የተባለች መርከብ ከተሠራችበት ስፍራ ወደ ውኃ ወረደች። በድንጋይ ከሰል እንፋሎት የምትሄድ ነበረች፤ ሥራዋም ከግሪምስቢ ወደብ እየወጣች መረብ ጎትታ ዓሣ ማጥመድ ነበር።

በ1931 ዓ.ም. ክረምት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በደጅ ሳለ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወሰዳት። መረቧ ወርዶ መድፍ ተተከለባት፤ ከጥልቅ ወርዶ የሚፈነዳ ፈንጂም ተጫነባት።

በ1934 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጀርመን በአሜሪካ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ፣ ሰርጓጅ መርከቦቿ እስከ ሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ዘለቁ። የባሕሩ ዳር ከተሞች መብራታቸውን አላጠፉም ነበርና፣ በሌሊት የሚያልፉ መርከቦች ከብርሃኑ ፊት ጎልተው እየታዩ ተመቱ። አሜሪካም ባሕሯን የምትጠብቅባቸው መርከቦች አነሷት። እንግሊዝ ግን ራሷ በጭንቅ ላይ ሳለች 24 መረብ ጎታቾችን ላከችላት፤ ከእነርሱም አንዷ ቤድፎርድሽር ነበረች። ይህ ውለታ በጦርነቱ ታሪክ ከሚገባው በታች ተነግሯል።

በዚያም ወራት የእንግሊዛውያን መርከበኞች ሬሳ በዳርቻው ተገኘ። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሠራ አይኮክ ብራውን የሚባል ሰው፣ በአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው እንዲቀበሩ ሽቶ ወደ ቤድፎርድሽር ወጣ። የመርከቢቱ መኰንን ምክትል መቶ አለቃ ቶማስ ከኒንግሃምም በደስታ ተቀብሎ ሰንደቆቹን ሰጠው።

ግንቦት 4 ቀን ሌሊት፣ ጉንተር ክሬክ የሚያዝዘው ዩ 558 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ቤድፎርድሽርን አገኛት። አስቀድሞ የተኮሰው ሳተ፤ ኋለኛው ቶርፔዶ ግን መታት፣ ወዲያውም ሰጠመች። በላይዋ ከነበሩት አንድም አልተረፈ፤ የድረሱልኝ ጥሪም አልተሰማ፤ በወደብ ያሉትም መጥፋቷን አላወቁም። (ዩ 558 ራሱ በ1935 ዓ.ም. ሐምሌ 13 ቀን በቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ በአውሮፕላን ተመትቶ ሰጠመ፤ ክሬክ ከጥቂቶች ጋር ተረፈ።)

ግንቦት 6 ቀን በሰሜን ካሮላይና በኦክራኮክ ደሴት ባሕሩ ሁለት ሬሳ አወጣ። ብራውን ተጠርቶ መጣ፤ ባየም ጊዜ ከኒንግሃምን ለየው። ሁለተኛው የቴሌግራፍ ሠራተኛው ስታንሊ ክሬግ ነበር። ከኒንግሃም ለሌሎች ሙታን ከሰጠውም ሰንደቅ ቀርቶ ነበርና፣ የራሱ ሣጥን በእርሱ ተሸፈነ። ቆይቶም ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ሬሳዎች ተገኙ።

የደሴቲቱ አንድ ቤተሰብ ከገዛ መቃብሩ አጠገብ መሬት ሰጠ፤ አራቱም በዚያ ተቀበሩ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መቃብሩን ይንከባከባሉ፤ በየዓመቱም በግንቦት ወር የሁለቱ አገሮች መኰንኖችና የደሴቲቱ ሰዎች ተሰብስበው የመታሰቢያ ሥርዓት ያደርጉላቸዋል።